ቤዛ «እርስዎ» ያለችኝ ሳምንት

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ቤዛ ዛሬ «እርስዎ» አለችኝ።

«አባባ፣ ምሳዎን በሉ?» ነው ያለችው። ከኋላዬ ሌላ ሽማግሌ ቆሞ እንደሆነ ብዬ ዞር አልኩ። ግድግዳው ብቻ ነው።

የልጄ የሰናይት ልጅ ናት፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ተከራይታ ትኖራለች። ቤዛ ግን ባለቤቴ ጥሩነሽ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን እንዳልሆን ብላ እኔ ጋ ናት። አፏን የፈታችው እኔን በመስደብ ነው፤ ያስተማርኳትም እኔው ነኝ። ጠዋት ጠዋት «ሽብርዬ፣ አለህ ወይስ ሞተሃል?» እያለች ነው የምትቀሰቅሰኝ። እኔም «ሞቻለሁ፤ ቁርሴን አምጪና አብሮኝ ይቀበር» እላታለሁ። እንዲህ ነው ኑሯችን።

«በልቻለሁ፣ እመቤቴ» አልኳት፣ እንድትስቅ ብዬ። አልሳቀችም። ሳህኑን በሁለት እጇ አነሳች። በሁለት እጇ!

የሆነ ነገር አለ።

ይህን የምጽፈው የዐሥረኛ ክፍል የፊዚክስ ደብተሯ ጀርባ ላይ ነው። ግማሹ ባዶ ነው። ፊዚክስና እሷ አልተዋወቁም። እኔ አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ፊደል ለቃሚ ነበርኩ፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ፊደል እየለቀምኩ የምደረድር፤ በኋላ አራሚ። ሥራዬ ከሺህ ፊደል መሀል የተሳሳተችውን አንዷን ማግኘት ነበር። ገጹ ንጹሕ ሲሆን ግርጌው ላይ «ይታተም» ብዬ እፈርማለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ዐይኔ አላረፈም፤ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የታክሲ ጥቅስ፣ የእድር ደብዳቤ ሳላርም አላልፍም።

«እርስዎ» ደግሞ ከቤዛ አፍ ሲወጣ ግድፈት ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

በየነ ጋ ሄድኩ። በየነ በያጅ ነው፤ የእድራችንም ሊቀመንበር። የሰፈሩ የፊተኛው ክፍል ከፈረሰ ወዲህ ቤቱ በር ላይ ሸራ ወጥሮ ነው የሚሠራው። ሸራውን ነፋስ እንዳይወስድበት ገመዱን በአራት ትልልቅ ድንጋይ ይዞታል። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ እንሰዳደባለን፣ እመለሳለሁ። ከጥሩነሽ በኋላ የቀረኝ ቅዳሴ ቢባል ይሄ ነው። (ይህን ለነፍስ አባቴ አልናገርም።)

«አንተ ዝገት! ዛሬም አለህ?» አልኩት እንደ ልማዴ።

መልሱን ዐውቀዋለሁ። «ሙዚየም! ማን በሩን ከፍቶ ለቀቀህ?» ነው። አርባ ዓመት ሳይለወጥ የኖረ መልስ ነው።

ጭምብሉን አወለቀና «እንዴት አደርክ፣ ወንድሜ ሽብሩ?» አለኝ።

ወንድሜ!

በርጩማውን በራሱ ጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝ። አልተሸነፍኩም። በይዶ ግድግዳ ላይ ያስደገፈውን የመስኮት ፍሬም አይቼ፣ «ይህንን ሰክረህ ነው የበየድከው? አንገቱ እንደ አንተ ጠሟል» አልኩት።

«ልክ ነህ፣ ትንሽ ተጣሟል» አለኝ።

በየነ ተጣሟል አለ። ያ ሰው በሕይወቱ አንድ ጠማማ ነገር በይጄያለሁ ብሎ አያውቅም። በር በሰያፍ ቆሞ እንኳ «ቤትህ ነው የተጣመመው» የሚል ሰው ነው።

ደግሞ ብየዳውን ሲጀምር፣ «ፊትህን አዙር፣ ብልጭታው ዐይንህን እንዳይጎዳህ» አለኝ። ሌላ ጊዜ የሚለው «እይ እይ! በሌላ ነገር የማታለቅስ ሰው በብየዳ እንኳ አልቅስ» ነበር።

ፊቴን አዞርኩ። ያኔ ገባኝ።

እኔ ራሴ ስንት ቤት መርዶ ይዤ ሄጃለሁ! እንዴት እንደሚያዝ ዐውቃለሁ። ሰውየው ልጁ ሞቶ ሳያውቅ፣ እኛ ዐውቀን፣ የሚነገርበት ቀን እስኪደርስ ዝም እንላለን። ቀልዱን እናቆማለን። «ወንድሜ» እንላለን። ወንበር እንጠርጋለን። ከዚያ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ነጭ ለብሰን በሩን እናንኳኳለን።

ሰናይት ትናንት ደውላልኛለች። ቤዛ ቤት ናት። ሌላ ማን አለኝ?

ብርሃኑ።

ታናሽ ልጄ ነው። ወደ ምዕራብ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ያስተምራል። ከጥር ወዲህ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። ስልኩም እንደዚያው። ከዚያ የመጣ ሰው ስለዚያ ሲጠይቁት ሻዩን ያማስላል እንጂ አይናገርም።

ስሙን ጻፍኩት። የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

አስቀደስኩ። ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲሉ አፌ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ መለሰ። አፌ ነው የመለሰው። እኔ አልነበርኩበትም፤ ጫማዬን እያየሁ ነበር። የግራው ክር ተፈትቷል።

ከፋሲካ ወዲህ ሃምሳውን ቀን ሰው ሁሉ ስለ መነሣት ነው የሚያወራው። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ስለ ድንኳን አስባለሁ።

ልጻፈው። ካልጻፍኩት አስመስላለሁ።

ጥሩነሽ ያረፈች ጊዜ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ብርሃኑ ለቀብሯ መጣ። ጴንጤ ከሆነ ቆይቶ ነበር። በዚያም እንቀላለድበት ነበር እንጂ አንጣላም። «አባባ፣ ጸጋ እኮ ደመወዝ አይደለም፤ እንዲሁ ነው የሚሰጠው» ይለኛል። «እንዲሁ የሚሰጥ ነገር እዚህ ልደታ ሰፈር ውስጥ አላየሁም፤ ቀበሌ እንኳ ማኅተሙን እንዲሁ አይመታም» እለዋለሁ። እናቱ ሁለታችንንም በማማሰያ ታስፈራራናለች። እንዲህ ነበር።

በፍትሐቱ ጊዜ ግን ከደጅ ቆመ፣ አልገባም። ድንኳን ውስጥ መስቀል ሲዘረጋ አልተሳለመም። እንዲያውም እኔን ሊያጽናና ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አባባ፣ እማዬ በጸጋው ገብታለች፤ ፍትሐት አያስፈልጋትም» አለኝ። በለሆሳስ ነው ያለው። ደግነቱ ነበር። ዛሬ ሳስበው ደግነት ነበር።

እኔ ግን ተነሥቼ እንዲህ አልኩ፦ «ከዛሬ ወዲያ ልጄ አይደለህም። እኔ ስሞት እንዳትመጣ። አንተም ብትሞት አንዲት ዘለላ እንባ አላፈስልህም።»

አንድ ሰው ብርጭቆ አስቀመጠ፤ ድምፁን እስካሁን እሰማዋለሁ።

ብርሃኑ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከብኝ። ሁለት ጊዜ ከበር መለስኳቸው። «ሦስተኛ የመጣ ከእኔ ጋር ተጣላ» አልኩ። በየነም ከነሱ አንዱ ነበር፤ ወር ሙሉ አኩርፎኛል።

እንግዲህ አፌ የተናገረውን ዐይኔ እየፈጸመው ነው። አንዲት ዘለላ አልመጣም።

ከሰዓት የብርሃኑን ስልክ ሞከርኩ። ሁልጊዜ እሞክራለሁ፣ ማንም አያውቅም። ያቺ የስልክ ሴትዮ «ማግኘት አይቻልም» አለችኝ። በጣም ትሑት ናት። እሷም «እርስዎ» ነው የምትለኝ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

እትዬ ዘውዴ ሱቅ ሽንኩርት ልገዛ ሄድኩ። እሷ እኔን ስታይ ሁልጊዜ «ጋሽ ሽብሩ፣ መቼ ነው የምድርዎት?» ትለኛለች። እኔም «አንቺ ባልሽን ስትፈቺ» እላታለሁ። ባሏ ከውስጥ ሆኖ ይስቃል። ዛሬ «ዳቦ ልጨምርልዎት? ትኩሱን መርጬልዎታለሁ» አለችኝ። ባሏም አልሳቀም። ከውስጥ ወጥቶ ጨበጠኝ።

እሷም ታውቃለች። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ቤት ገብቼ ሽንኩርቱን ሁሉ ከተፍኩት። ለወጥ አይደለም። ልሞክረው ብዬ ነው። ቤዛ ዐይኗን እያሸች ወደ ደጅ ሮጠች። እኔ እንደ ደረቅ ምንጭ ተቀምጬ ከተፍኩ። ምንም።

ተመልሳ መጥታ «ምን ልሥራልዎት?» አለችኝ።

«ይህን ሁሉ ሽንኩርት ምን እናደርገዋለን?» አልኳት።

«እርስዎ እንዳሉ» አለች።

ስድብ ናፈቀኝ። ሰው ስድብ ይናፍቀዋል? እግዚአብሔርን ጠየቅሁት። እሱም አልሰደበኝም።

ብርሃኑን በልጅነቱ አስታውሼ ልቤን ላንቀሳቅሰው ሞከርኩ። ስድስት ዓመቱ እያለ ማተሚያ ቤት ወስጄው፣ የእርሳስ ፊደል አንዷን ኪሱ ከቶ ይዟት መጣ። «ብ» ነበረች። «የእኔ ናት፤ ስሜ በሷ ይጀምራል» አለኝ። በነጋታው አለቃዬ ፊደሏን ሲፈልግ ዋለ። አየሁት፤ ጥርሱን፣ ኪሱን። ግን እንደ ሌላ ሰው ፎቶ ነው። ደረቴ ላይ ጥጥ የተጠቀጠቀ ይመስለኛል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

መምሬ ኃይሉ ጋ ሄድኩ፤ የንስሐ አባቴ ናቸው። ለመናዘዝ ነው የሄድኩት፣ ግን ለመሰለልም ነው። መምሬ መዋሸት አይችሉም፤ ሊዋሹ ሲሉ ጺማቸውን ይይዛሉ።

የድንኳኑን ቃል ነገርኳቸው። ከዚህ በፊት ተናዝዤው አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ነበር፤ ሐሜት፣ ሆዳምነት፣ በየነን ዝገት ማለት። ይቺን ግን ሸሽጌ።

«ልጄ ቢሞት አላለቅስም ብዬ ምያለሁ፣ አባቴ» አልኳቸው። «አሁን እንባ አጣሁ።»

መምሬ ጺማቸውን ያዙ።

ከዚያ በመስቀላቸው ባረኩኝና «እግዚአብሔር ይፍታህ። ሂድ» አሉኝ።

«ቀኖናዬስ?»

«የለም።»

«ባለፈው ዓመት በእነዚሁ ሃምሳ ቀናት፣ በየነን ለሰደብኩበት፣ ‹ስግደት አሁን አይሰገድም፤ በዓለ ሃምሳ ይለፍና ሃምሳ ትሰግዳለህ› ብለው በቀጠሮ ሰጥተውኛል። ይህ ይበልጣል እኮ!»

«ይበልጣል» አሉኝ። «ሂድ። ተፈትተሃል።»

«እንዲሁ?»

«እንዲሁ።»

የብርሃኑ ቃል ነው። «እንዲሁ»። ከመምሬ አፍ ሲወጣ አልጣመኝም። ሃምሳ ቢሰጡኝ ጉልበቴን ሰብሬ መቶ እሰግድ ነበር። ለሞተ ሰው አባት ነው እንዲህ የሚራራው። ሐኪም «ያሰኘህን ብላ» ሲል ማለት ነው።

በእግሬ ተመለስኩ። አብነት ሰፈር ድረስ ሄጄ ዞርኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አንድ ታክሲ ላይ የተጻፈ ጥቅስ ውስጥ ሁለት ግድፈት ነበር። አላረምኩትም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29

ተረጋግጧል።

ቤዛ ጓዳ ሆና በስልክ ስታወራ ሰማሁ። እንዲህ ነው ያለችው፦ «ዓርብ ንጋት ላይ ነው የሚመጡት… ኧረ አያውቅም… ጋሽ በየነ ማንም አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ ብለዋል… እኔ እኮ ፊቱን ማየት አቃተኝ፣ እማ። ዓርብ በደረሰልኝ።»

ከኋላዬ «አያውቅም» ነው ያለችው፤ «አያውቁም» አላለችም። ይህቺ ትንሽ አጽናናችኝ።

ዓርብ ግንቦት ልደታ ነው። በእሷ ቀን ሊነግሩኝ ነው። ልክ ነው። እኔም ብሆን ያንን ቀን ነበር የምመርጠው፤ እመቤታችን ትይዘዋለች ብዬ።

እንግዲህ ሥራ አለኝ። ያደረግሁት፦ ጺሜን ተላጨሁ። ነጩን ጋቢ አሳጠብኩ። ለለቀስተኛ መቀመጫ እንዲሆን የፊት ለፊቱን ክፍል ዕቃ ወደ ጓዳ አዛወርኩ። የብርሃኑን ፎቶ ከሣጥን አወጣሁ፤ ዲግሪ የተቀበለ ዕለት የተነሣው ነው፣ ባርኔጣው ሰፍቶት። አቧራውን ጠረግሁ። መልሼ ሣጥን ከተትኩ። እነሱ ከመናገራቸው በፊት ካዩት ይደነግጣሉ።

ቤዛ «ዕቃውን ምን ፈልገው ነው?» አለችኝ።

«ቤቱ ይተንፍስ ብዬ ነው።»

ልጠይቃት እችል ነበር። «ቤዛ፣ ልጄ መቼ ሞተ?» ብል አንዲት ደቂቃ አትሸሽገኝም። ግን ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። መርዶ በሕፃን አፍ አይነገርም። የአዋቂ ሸክም ነው፤ በየነ ይሸከመው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

የእድሩ ዕቃ ቤት ሄጄ ሦስት አግዳሚ ወንበር ተዋስኩ። የራሴን ለቅሶ ወንበር ራሴ ተሸክሜ የሄድኩ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም። ሁለቱን ካደረስኩ በኋላ በየነ መንገድ ላይ አገኘኝና ሦስተኛውን ከእጄ ነጠቀኝ።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ነገ ሰው ሊመጣብኝ ይችላል።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ማን አለህ?»

«ልደታ አይደለም እንዴ? ሰው አይጠፋም።»

ትክ ብሎ አየኝ። ምን ያህል እንደማውቅ ሊያነብ ፈለገ። እኔም ፊቴን እንደ ባዶ ገጽ አደረግሁለት። አሳዘነኝ። ነገ በዚያ አፉ ሊነግረኝ ነው። ብየዳ እንጂ ንግግር አይችልበትም። እየነገረኝ ሲንተባተብ ልረዳው አሰብኩ። «ግቡ፤ ዐውቄያለሁ» እለዋለሁ። ይቀለዋል።

ማምሻውን ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ለዋዜማው ንፍሮ ቀቀለ። ልጆች እሳቱን ይዘላሉ። እትዬ ዘውዴ በጣሳ አመጣችልኝ። በላሁ። ስንዴ ነው፣ ባቄላ ነው፣ ይታኘካል። ጣዕሙ የት እንደ ሄደ እንጃ።

ቤዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «አባባ፣ በእኔ ተቀይመዋል?»

«አልተቀየምኩም።»

«ዝም አሉ።»

«አንቺ ነሽ ዝም ያልሽው። ስድቤን ማን ወሰደው?»

አፏ ሊከፈት ሲል አየሁት። አንድ ጥሩ ስድብ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ በዐይኔ አይቼዋለሁ። ዋጠችው። «እግዚአብሔር ያቆይልን» አለችኝ።

እግዚአብሔር ያቆይልን! በዐሥራ ሰባት ዓመቷ።

ተኛሁ። አልጸለይኩም፤ «አንተ ታውቃለህ» ብቻ አልኩ። ጸሎት ከሆነ ይኼው።

ዓርብ፣ ግንቦት 1፣ ጠዋት

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ለብሼ ተቀምጬ ነበር።

ከፈትኩ። መምሬ ኃይሉ መስቀላቸውን ይዘው፣ በየነ ነጭ ለብሶ፣ ከኋላቸው ሁለት የእድር ሽማግሌዎች። በየነ ነጭ ሲለብስ አዲስ የተቀባ በር ይመስላል። እንዲህ ሊሰድበው የፈለገ አንድ ሰው ውስጤ ነበረ፣ ግን ሩቅ።

መምሬ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አሉ።

«በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» አልኩ። «ግቡ። ወንበር አለ። አትጨነቁ፤ ዐውቄያለሁ።»

በየነ ወደ ቤዛ ዞረ። «ነገርሽው?»

«ኧረ በማርያም! ቃል አልተነፈስኩም!» አለች ቤዛ ከጓዳው በር።

«እሷ አልነገረችኝም» አልኩ። «ራሴ ነኝ ያነበብኩት። መቼ ነው? እሱን ብቻ ንገሩኝ።»

«ምኑ?» አለ በየነ።

«የሞተው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መምሬ ጺማቸውን አልያዙም።

«ሽብሩ» አሉኝ፣ «ማን ነው የሞተው?»

«ልጄ ነዋ! ብርሃኑ!»

ያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ ከጨለማው፣ «አባባ» የሚል ድምፅ መጣ።

ሰዎቹ ገለል አሉ። ደጃፌ ላይ አንድ ከሲታ ሰው ተንበርክኳል። ጺሙ አድጓል፣ ቀለሙ የወባ ቀለም ነው። አንገቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሟል፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ጥንቱ እርቅ። አየሁት። አንድ ነገር እንድል ሁሉም ይጠብቃል። ከአፌ የወጣው እንዲህ ነው፦

«ይሄ የበየነ ሸራ ድንጋይ ነው።»

በየነ ፈነዳ። «አንተ ሙዚየም! ልጅህ ከሞት አፍ ወጥቶ ደጅህ ተንበርክኮ አንተ ድንጋይ ታርማለህ?»

ሙዚየም አለኝ። ግድግዳውን ያዝኩ።

ነገሩ ይህ ነው። ብርሃኑ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ ወባ ይዞት፣ ስልኩም ጠፍቶበት፣ ከፊሉን በእግር ከፊሉን በሰው መኪና መጥቶ፣ ሰናይት ቤት ሁለት ሳምንት ተኝቷል። «ሳላገግም አባባ አያየኝም፤ አዝኖልኝ እንዲታረቀኝ አልፈልግም» ብሎ። በየነ ሦስተኛ ሽማግሌ ሊመራ ተነሣ። ሁለት ጊዜ ከበር መልሻቸዋለሁና ፈራ፤ ለሰፈሩ ሁሉ ትእዛዝ አወጣ። «እስከ ልደታ ድረስ ማንም ሽብሩን እንዳያናድደው! ማንም እንዳይሰድበው! አክብሩት፤ ልቡ ይለስልስ!»

አከበሩኝ። ገደሉት። እርቅ የሚለውን መርዶ ብዬ አነበብኩት። አርባ ዓመት አራሚ!

ድንጋዩን ከአንገቱ ላነሣለት ጎንበስ አልኩ። ከባድ ነው። አንሥቼ የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ያን የድንኳን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝና ወደ ራሴ ማጅራት ልወስደው ስል መምሬ እጄን ያዙኝ።

«የማንም አይደለም» አሉ። «መሬት አስቀምጠው።»

«ያለ ቀኖና?»

«ማክሰኞ ልሰጥህ አልቻልኩም። ቀኖናህ ጠመንጃ ያዥ ተኝቶ ወባ ያንቀጠቅጠዋል፤ ዓርብ ይመጣልሃል ልበልህ?»

መሬት አስቀመጥኩት። ብርሃኑ ጉልበቴን ሳመ፤ እኔ ራሱን። ትኩሳት ትኩሳት ይሸታል። ለሁላችን መስቀል ሲዘረጋ እሱ አልተሳለመም፤ ግን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆመ፣ ቡራኬው እስኪያልቅ። አየሁ። ዝም አልኩ። እሱም ዝም ማለቴን አየ።

የለቅሶዬ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ቁርስ በሉ።

ያው ዓርብ፣ ከሰዓት

ሰው ሁሉ ሄደ። ደስታው ገና አልደረሰኝም። መንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም፣ ከምዕራብ የሚመጣ ነገር ሁሉ ይዘገያል። ጥጡ እንዳለ ነው፤ ትንሽ ላላ ያለ ይመስለኛል።

ብርሃኑ ፍራሽ ላይ ተኝቷል። «እንዴት ተረፍክ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «እንዲሁ» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በቀበሌ ማኅተም እመልስለት ነበር። አልመለስኩም። ሌላውን ገና አልነገረኝም፤ ሻዩን ሲያማስል አየሁት፣ አልገፋሁትም።

ኮቱን ላራግፍለት አነሣሁት። የመንገድ አቧራ ነው። ከውስጥ ኪሱ አንዲት ነገር ወደቀች። አጎንብሼ ከመሬት ለቀምኳት። እንደ ድሮው በጣቴ ጫፍ ሳላያት ዐወቅኋት። እርሳስ ናት። «ብ»።

እሱ ያንኮራፋል፣ አፉን ከፍቶ፣ ልክ እንደ እናቱ።

ቤዛ መጥታ ፊቴን አየችው።

«አባባ፣ እያለቀስክ ነው እንዴ?»

«የበየነ ብየዳ መትቶኝ ነው።»

«ጋሽ በየነ ዛሬ አልበየዱም። ልደታ ነው። ሲያረጅ ውሸት እንኳ ይረሳል ይህ ሰውዬ!»

«እያለቀስክ» ነው ያለችው።

ይታተም።